ፊቴን ተሸፍኜ ያለፍኩበት አገር

«ስማዳን ታውቀዋለህ?» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ መልሱ ይጠፋኛል። አውቀዋለሁ እንዳልል፣ የአገሩን እኩሌታ ያለፍኩት ፊቴ ላይ ጋቢ ተጥሎ ነው። አላውቀውም እንዳልል ደግሞ ልቤ ዛሬም እዚያው ነው። ጠያቂዎቼ አጭር መልስ ስለሚወዱ ብዙ ጊዜ «አልፌበታለሁ» ብዬ እገላገላቸዋለሁ። እናንተ ግን አንዴ ማንበብ ጀምራችኋልና ከመነሻው ልንገራችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ከሙያ ትምህርት ቤት ገና የወጣሁ፣ ጫማዬን በቀን ሁለት ጊዜ የምወለውል ጎረምሳ ነበርኩ። በአንድ የመንገድ ጥናት ቡድን ውስጥ ረዳት ሆኜ ተቀጥሬ ከደብረ ታቦር በበቅሎ ተነሥተን፣ እስቴን አቋርጠን ስማዳ ገባን። ሥራዬ ሰንሰለት መጎተትና ችካል መትከል ነው። ደብዳቤ ስጽፍ ግን ራሴን «መሐንዲስ» እል ነበር።

ድህነትን አላውቅም ነበር አልልም፤ የአዲስ አበባ ልጅ ድህነትን ደጁ ላይ ያገኘዋል። ያ ግን ሌላ ነበር። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ጎረቤታሞች አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ። የአንዱ በሬ ከሞተ ሁለቱም ቤት ጦም ያድራል። እጀ ጠባቡ በእራፊ ላይ እራፊ ተደርቦበት የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ጫማ ያደረገ ሁሉ ሐኪም ይመስላቸዋልና እናቶች ዓይናቸው ያበጠ ሕፃናት ይዘውልኝ ይመጣሉ። እኔም የራስ ምታት ክኒን ሰጥቼ እሸኛቸዋለሁ። ምን ላድርግ? ባዶ እጃቸውን መመለስ አቃተኝ። አንድ ቀን ለአለቃዬ፣ «ይሄን አገር እግዜር ፈጥሮ ረስቶታል» አልኩት።

«እግዜርን ተወውና ችካልህን ምታ፤ ለዚህ አይደል መንገድ የምንለካው» አለኝ።

ችካሉን እመታለሁ፣ በማግስቱ ስመለስ ተነቅሎ አገኘዋለሁ። መንገድ ነው የምንለካው ብንል ማን ይመነን? ሰንሰለት የያዘ ሁሉ ለእነርሱ ቀላድ ጣይ ነው። ቀላድ ተጣለ ማለት ደግሞ መሬት ተለካ፣ ግብር ከበደ፣ የአባት ርስት ሄደ ማለት ነው። እንጀራቸውን አይነፍጉንም፤ ቃላቸውን ግን ይነፍጉን ነበር። እኔም በልቤ እያዘንኩላቸውም እየተቀየምኳቸውም ቆየሁ።

ንዳድ የያዘኝ ቆላ ወርደን ስንለካ ሰንብተን ነው። አለቃዬ በቅሎዎቹን ይዞ ስንቅ ሊያመጣ ደብረ ታቦር ሄዷል፤ እኔ የደብሩ ቄስ ከሆኑት ከቄስ ይርጋ ቤት ቀረሁ። ቄስ ይርጋ የድጓ መማሪያ ወደሆነችው ደብር ወደ ቤተ ልሔም ወርደው የተማሩ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጠበል አስጠመቁኝ፣ የባለቤታቸውን መደብ ለቀቁልኝ። ትኩሳቱ ግን ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በተመለሰ ቁጥር ብሶበት ነው። በመጨረሻ የጠጣሁትን ሁሉ አስመልስ ጀመር፤ ተደግፌም መቀመጥ አቃተኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ከቆየህ ትሞትብኛለህ» አሉኝ፣ ግልጥ አድርገው። «እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ መርፌ የሚወጋ ሰው አለ። እዚያ እንልክሃለን።»

«በምን አባ? በቅሎ ላይ አልቀመጥም።»

«በሰው ነዋ» አሉኝ።

ጊዜው ኅዳር ነበር፤ ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሯል፣ ሰማዩም ያለ ወቅቱ ደመና ይዟል። በእንዲህ ያለ ቀን አንድ ሰው ከአውድማው ተለይቶ ዋለ ማለት የዓመት ቀለቡን ለዝናብ ሰጠ ማለት ነው። ይህን እኔ እንኳን አውቅ ነበርና ማንም አይመጣም አልኩ። በማለዳ ግን ደጁ በሰው ድምፅ ሞላ። ከሁለት ወራጅ እንጨትና ከጠፍር ቃሬዛ ሠሩ፤ አጋደሙኝ፤ ጋቢ ፊቴ ላይ ጣሉብኝ።

«ፊቴን ተዉት፣ ልየው» አልኩ።

«ምች ይመታሃል። አገሩን ለክተኸው የለም እንዴ፣ ምን ቀረህ?» አለኝ አንድ ሻካራ ድምፅ። ሳቁ። ይህ አያ ሙጨ የሚባሉት ሽማግሌ ድምፅ ነው፤ የተሸካሚዎቹ መሪ እርሳቸው ነበሩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አገሩ ለእኔ ድምፅ፣ ላብና ትከሻ ብቻ ሆነ።

ሲሄዱ ሕጉን ከአያ ሙጨ ተማርኩ። ቃሬዛ ከተነሣ እቤት ወይም ሐኪም እስኪደርስ መሬት አይነካም። መሬት ከነካ በሽተኛውን መሬት ለመደችው ይባላል። በመንገድ የተገኘ ሰው ጭነቱን አውርዶ ይሸከማል። ሁሉም ደግሞ አንድ ነገር ያከብራል፦ መጀመሪያ ትከሻ ይገባል፣ ማን እንደሆነ የሚጠየቀው ኋላ ነው።

«ለምን ኋላ?» አልኩ ከጋቢው ሥር።

«አስቀድሞ የጠየቀማ ይመርጣላ» አሉኝ።

አንድ ጋራ ላይ ስንደርስ አያ ሙጨ ወደ ማዶ ተጣሩ፦ «የታመመ ነው! ድረሱልን!» ከአውድማው ሰዎች እየሮጡ መጡ፤ ትከሻ ለትከሻ ተቀያየሩ። ግራዬን የያዘው አዲስ ሰው ጥቂት እንደሄደ፣ «ማነው?» አለ።

«የመንግሥት ሰው ነው» አሉ አያ ሙጨ፣ ለስለስ አድርገው።

«የምን መንግሥት?»

«ያ ሰንሰለት ሲጎትት የከረመው።»

ቃሬዛው ቀጥ አለ። ከታች ገደል መሆኑን የድንጋይ መንከባለል ሰምቼ አውቄዋለሁ።

«ቀላድ ጣዩን ነው የጫናችሁብኝ?» አለ ሰውየው። «በማሳዬ መካከል ችካል የተከለውን? እኔ አይደለሁ የነቀልኩት?»

«አውርደዋ» አሉ አያ ሙጨ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ሰውየው እንጨቱን ትከሻው ላይ አመቻቸ። ማውረድ እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ ቃሬዛው ተንቀሳቀሰ። ቁልቁለቱን እስክንጨርስ ያ ሰው ሲረግመኝ ነበር። አያቴን፣ የአዲስ አበባን ሹማምንት፣ ሰንሰለቱን የሠራውን ቀጥቃጭ ሁሉ አዳረሰ። በእርግማኑ መካከል ግን፣ «ቀስ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጉት፣ ድንጋይ አለ» ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቆ የያዘኝ ሰው የለም።

የደብሩ ወሰን ላይ ስንደርስ ሌሎች ሊረከቡን ይገባ ነበር። አያ ሙጨ ተጣሩ፤ መልስ የለም። ደግመው ተጣሩ። ነፋሱ ደመናውን እየገፋ ነውና የዚያ ማዶ ሰው ሁሉ ክምሩ ላይ ተደፍቷል። ተሸካሚዎቼም እኔን እንደያዙ ቆሙ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ በጀርባዬ ይሰማኛል። እዚህ ያበቃል አልኩ፤ እናቴም ትዝ አለችኝ።

ከወደ ላይ በኩል የሴት ጩኸት የመጣው ያኔ ነው።

«ኡኡ! አበጀ! ልጄ! በእግርህ ሄደህ በሰው ትከሻ መጣህ? የላክሁህ ሰሊጥ አጨዳ ነው፣ መቃብር አልላክሁህ! አበጀ!»

ፊቴ ስለተሸፈነ አስከሬን መስዬያት ነው። ደረቷን ስትመታ ይሰማኛል። ሰዎቹ «ሕያው ነው፣ ሌላ ሰው ነው» ቢሉ ማን ይስማ? ጩኸቷ ከገደል ገደል ሲመላለስ፣ ያ ለሕያው አልሰማም ያለው የማዶ ሰው ክምሩን እየጣለ ጎረፈ። «የማን ሬሳ ነው? የማን ልጅ ነው?» የሚል ድምፅ በዙሪያዬ ሞላ።

«እሰይ» አሉ አያ ሙጨ። «ስንጠራችሁ የት ነበራችሁ? በሉ ትከሻ አግቡ፣ ሬሳው ውኃ ጠምቶታል።»

ሴትዮዋ ግን እግሬን ይዛለች። ሻካራ እጇ ከተረከዜ እስከ ጣቶቼ ሄደ፣ ተመለሰ። «ይህ ጫማ የለመደ እግር ነው፤ የኔ ልጅ እግር አይደለም» አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ።

«ነገርንሽ እኮ፣ እቴ» አሉ አያ ሙጨ። «ይልቅ ሂጂ፣ አርብ ገበያ ነገ ነው፤ መንገድሽ ሩቅ ነው።»

ከተሸካሚዎቹ ንግግር እንደተረዳሁት ልጇ አበጀ ሁመራ ከወረደ ሁለት አጨዳ አልፎታል። ከዚያ የሚመለሱ ሰዎች አርብ አርብ በሚቆመው በአርብ ገበያ በኩል ስለሚያልፉ በየሳምንቱ እየሄደች «አበጀን ያያችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። ክረምት ከበጋ አንድም አርብ አጓድላ አታውቅም አሉ።

«ብርድ ይዞታል» አለች፣ እግሬን ሳትለቅ። «እግሩ በረዶ ነው።»

«ንዳድ ነዋ። ገበያሽስ?»

«እሄዳለሁ።» ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። «የኔም ልጅ ቆላ ወድቆ እንደሆነ እግሩን የምትይዝለት ሴት ማን ይልክለታል? ይሄን ጥዬ ሄጄ፣ የኔን ያዙልኝ ብዬ እግዜርን በምን አፌ እለምናለሁ?»

ግን አልሄደችም። ነጠላዋን እግሬ ላይ ጠቅልላ፣ አጠገቤ እየተራመደች፣ ወንዙ ድረስ ወረደች። ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ሞልቷል። ተራጋሚዬ ተራው አልፎ ሊመለስ ይችል ነበር፤ መሻገሪያውን እንደርሱ የሚያውቅ ስለሌለ ግን ቀረ። ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ አነሡት። ውኃው ጀርባዬን ሲነካው ጮህኩ መሰለኝ። መካከል ላይ አንዱ ተንሸራቶ እግሬ በኩል ዘጭ አለ፤ ተራጋሚዬ ሲያጓራ ሰማሁ፣ ቃሬዛውም ተመልሶ ተነሣ። ማዶ ስንወጣ ሳሉ፣ ተፉ፣ ሳቁ። ተራጋሚዬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«እግዜር ይማርህ» አለኝ። «ስትድን ግን ወደዚህ እንዳትመለስ።» ከዚያ በመጣበት ውኃ ተመልሶ ገባ።

የቀረው መንገድ በቁርጥራጭ ነው ትዝ የሚለኝ። የማስታውሰው ወንዙን አብራን የተሻገረችውን የሴትዮዋን ድምፅ ነው፤ እንዳልተኛ ታናግረኛለች።

«እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«መታመምህን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ተሻላት» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ወይስ አልተሻላትም? እኔ እንጃ» አለች።

አንዴ አያ ሙጨን፣ «ስንት ሰው ተሸክማችኋል በዚህ መንገድ?» አልኳቸው።

«ስንቱን። ወሊድ የያዛትን፣ እባብ የነደፈውን፣ ከዛፍ የወደቀውን።»

«ይድናሉ?»

«እኩሌታው ይድናል። እኩሌታውን ከመንገድ አዙረን እንመልሰዋለን።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም።

መካነ ኢየሱስ ስንደርስ ራሴን አላውቅም። ስነቃ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ተኝቻለሁ፤ መርፌ የሚወጋው ሰው ከጎኔ ቆሟል። «የት ሄዱ?» አልኩት።

«ጥለውህ ወዲያው ተመለሱ፤ አውድማቸው ላይ ዝናብ ይመጣል ብለው። አንዲት ሴት ብቻ እግርህን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ትኩሳትህ ሲበርድ፣ ‹ሞቀ› አለችና ነጠላዋን አንሥታ ሄደች።»

«የሞቀው ምኑ ነው?»

«እግርህ» አለኝ።

ስሟን የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኋትም። አርቡ አልፏል።

አዲስ አበባ ተመልሼ ስድን እናቴ ሥጋህ ተመለሰ ብላ ደስ አላት። እኔ ግን ነገሩ አላለቀልኝም። ጓደኞቼ ስለ አገሩ ድህነት ሲጠይቁኝ የቀድሞውን ወሬ እጀምርና ግማሽ ላይ አፍራለሁ። ስለ ደግነቱ ሳወራ ደግሞ፣ ያ ዓይኑ ያበጠ ሕፃን ትዝ ይለኝና ውሸታም የሆንኩ ይመስለኛል። ከሁሉ በላይ ናፈቁኝ። የናፈቁኝን ሰዎች አንዳቸውንም አይቼ አላውቅም። ፊት የሌለው ናፍቆት እንዴት እንደሚያስቸግር ያየ ያውቀዋል፤ በሕልም እንኳን አይመጣላችሁም።

በማግስቱ ዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሄድኩ። ጥናታችን ተጥሎ ነበርና ሰንሰለት አልያዝኩም። በቀጥታ አርብ ገበያ ወርጄ ሴትዮዋን አፈላለግሁ። «ልጇ አበጀ የሚባል፣ ሁመራ የወረደባት እናት» ስል ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። በዚያ አገር ልጇ ሁመራ ያልወረደባት ማን ናት? አበጀስ አንድ ነው እንዴ? መልኳን ግለጽ ሲሉኝ ምን ልበል?

መላ ያጣ ሰው ያስባል። የገበያው መግቢያ ላይ ካለ የድንጋይ ካብ ጥግ ተቀመጥኩና፣ እንዳኔው ጋቢዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ማዳመጥ ጀመርኩ። ስለ ጤፍ፣ ስለ በግ፣ ስለ ሠርግ የሚያወሩ ስንትና ስንት ሴቶች አለፉ። የአንዷ ድምፅ ሲቀርብ ልቤ ይዘልላል፣ ከዚያ ትርቃለች፣ እርሷ አይደለችም። ፀሐዩ እየበረታ ሲሄድ እኔም እየተዝለፈለፍኩ ሳልሆን አልቀርም።

«ይህ ሰው ታሟል» አለ አንድ ድምፅ በላዬ።

«ተሸፍኗል፤ ምች ነው።»

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? እንጨት አምጡ! አንተ በዚያ ግባ!» እጆች ብብቴ ውስጥ ገቡ፤ ከመሬት ተነሣሁ። የአዛዡን ድምፅ ግን የትም ቢሆን አልስተውም። ጋቢዬን ገፈፍኩ።

ተራጋሚዬን በሐሳቤ ግዙፍ አድርጌ ሥዬው ነበር። ፊቴ ላይ የቆመው ግን ጢሙ የሸበተ፣ ከእኔ ያነሰ፣ እንደ ክትክታ የደረቀ ሰውዬ ነው። እኔም ሳላስበው «አላመመኝም» አልኩ። «ድምፅዎን ሰምቼ ነው።»

አየኝ፣ አየኝ። «ቀላድ ጣዩ?»

«ነኝ።»

«እንዳትመለስ ብዬህ አልነበር?»

«ብለውኝ ነበር።»

መሬት አስቀምጦኝ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ጠላ ቤት ወስዶ አስቀመጠኝና የመጣሁበትን ጠየቀኝ። ስለ ሴትዮዋ ስነግረው ሳቁ ጠፋ።

«የአበጀን እናት ነው የምትለኝ? አታገኛትም። ከፋሲካ ወዲያ ራሷ ሁመራ ወረደች።»

«አልተመለሰችም?»

«አልተመለሰችም።» ዋንጫውን አዙሮ አዙሮ ጠጣ። «ያን አርብ፣ አንተን ተከትላ የሄደች ጊዜ፣ አንድ የላስታ ሰው ከሁመራ መጥቶ እዚህ ቁሞ ጠርቶ ነበር አሉ። የአበጀን እናት፣ የአበጀን እናት እያለ። ቢያጣት ጊዜ፣ አበጀ ደኅና ነው በሏት ብሎ መንገዱን ቀጠለ። የት እንደሚኖር፣ ለማን እንደሚያጭድ ለማንም ሳይነግር።»

«ስትሰማ ምን አለች?»

«እኔም እንዳንተ ጠይቄያታለሁ። አልተቆጨሽም ወይ አልኳት። ‹ምን ይቆጨኛል? ደኅና ነው ተብሏል። ያም ልጅ ድኗል፤ እግሩ ሲሞቅ ይዤዋለሁ› አለች። ግን አየህ፣ ከዚያ ወዲያ ገበያ መቀመጡ አልሆንላት አለ። ደኅና ከሆነ ራሴ ላግኘው ብላ ሄደች።»

ሁመራ ለሚሄድ ሁሉ ለዓመታት አደራ ስል ኖርኩ። እኔም አንዴ ወርጃለሁ። ሰሊጡ ዓይን እስከሚደርስ ተዘርግቷል፤ አበጀ ብዬ ስጣራ ብዙ ሰው ቀና አለ። የእርሷን ድምፅ ግን አልሰማሁም።

እነሆ ሸመገልኩ። ዛሬ በዚያ አገር መኪና ይሄዳል ይሉኛል፤ ደስ ይለኛል። ያኔ መንገድ ቢኖር ኖሮ ከመንገድ ተዙረው የተመለሱት ወላዶች በሕይወት በኖሩ ነበር። ያኔ መንገድ ቢኖር ኖሮ እኔም በመኪና ወጥቼ፣ ማንም ሳይሸከመኝ፣ «እግዜር የረሳው አገር» እያልኩ በኖርኩ ነበር። ሁለቱንም አውቃለሁ፤ አንዱን ይዤ ሌላውን መጣል እስከዛሬ አልቻልኩም። ከዚያ ጉዞ የቀረልኝ አንድ ልማድ ነው። መንገድ ላይ ሰው ወድቆ ካየሁ ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ትከሻዬን አስገባለሁ። በዚህ ልማዴ ሰካራም ተሸክሜ ተሰድቤያለሁ፣ አንዴም ኪሴን ተዳብሻለሁ። አልተውኩትም።

ለእናንተ አንድ አደራ አለኝ። አበጀ በሕይወት ካለ ዛሬ እንደኔ ሽማግሌ ነው። የስማዳ ሰው ነኝ፣ በጎረምሳነቴ ሁመራ ወርጄ ቀርቻለሁ የሚል አበጀ ካጋጠማችሁ፣ እናትህ በየሳምንቱ አርብ ገበያ ላይ ስትጠብቅህ ነበር በሉልኝ። የቀረችው አንድ አርብ ብቻ ነው፤ እርሱንም የኔን እግር ስታሞቅ ነው።